ጃፓን መኖር፦ ምቾቱና ብቸኝነቱ ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ

በኦገስት 2025 በዮኮሃማ በተካሄደው ዘጠነኛው የቶኪዮ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ (ቲካድ) ወቅት፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) አራት የጃፓን ከተሞችን ከአራት የአፍሪካ አገሮች ጋር አጣምሮ የአገሮቹ «የትውልድ ቀዬ» ሲል ሰየማቸው። ኪሳራዙ ለናይጄሪያ፣ ሳንጆ ለጋና፣ ናጋይ ለታንዛኒያ፣ ኢማባሪ ለሞዛምቢክ ደረሱ። የታሰበው የባህልና የሰዎች ልውውጥ ነበር። ይሁን እንጂ ከናይጄሪያ መንግሥት በኩል ጃፓን ልዩ የቪዛ ዓይነት ልታዘጋጅ ነው የሚል መግለጫ ወጣ፤ በጃፓን ማኅበራዊ መገናኛ ደግሞ ከተሞቹ በስደተኞች ሊሞሉ ነው የሚል ወሬ ተዛመተ። ማዘጋጃ ቤቶቹ በስልክና በኢሜይል ተቃውሞ ተጥለቀለቁ። መግለጫው ቢታረምም ወሬው አልበረደም፤ ጃይካም በሴፕቴምበር 25 ዕቅዱን ሰረዘው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢትዮጵያ ከአራቱ አገሮች አንዷ አልነበረችም። ቢሆንም ክስተቱ ጃፓንን ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚያስብን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይመለከታል፤ ስለዚህች አገር በእኛም ዘንድ የሚወራው ወደ ሁለት ጫፍ የተሳበ ነውና። በአንደኛው ወሬ ጃፓን ባቡሯ ደቂቃ የማያዛንፍ፣ የጠፋ ቦርሳ ከነገንዘቡ የሚገኝባት አገር ናት። በሌላው ደግሞ ሰው ከሰው የማይነጋገርባት፣ የውጭ ዜጋ ዕድሜ ልኩን እንግዳ ሆኖ የሚቀርባት አገር ናት። ሁለቱንም የሚናገረው ብዙ ጊዜ እዚያው የሚኖር አንድ ሰው ነው፤ ጠዋት አመስግኗት ማታ ያማርራታል።

ይህን የስሜት መደባለቅ አንዳንዶች ውለታ ቢስነት፣ ሌሎች ደግሞ ጊዜ የሚፈታው ናፍቆት ያደርጉታል። የሁለቱም ማብራሪያ በቂ አይደለም። ኑሮውን ምቹ ያደረገው አሠራር ራሱ ሰውን ከሰው የሚያገናኙ ምክንያቶችን አስቀርቷል፤ የአገሪቱ ሕግም «ና» እና «አትቆይ» የሚሉ ሁለት መልእክቶችን አንድ ላይ ያስተላልፋል። ድብልቁ ስሜት የሚመነጨው ከእነዚህ ነው፤ ዝርዝሩን ማወቅም ለሚሄደው፣ ለሚኖረውና ከአገር ቤት ሆኖ ስልክ ለሚጠብቀው ቤተሰብ ይጠቅማል።

ሠራተኛ ፈላጊ፣ ነዋሪ አመንቺ

የጃፓን ሕዝብ ቁጥር በ2008 ገደማ 128 ሚሊዮን ያህል ከደረሰ በኋላ ወደ ታች ማሽቆልቆል ጀመረ። በ2024 የተወለዱት የጃፓናውያን ሕፃናት ከ700 ሺህ በታች ነበሩ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚሰላው አማካይ የልጆች ቁጥርም ወደ 1.15 ወርዷል። ከአሥር ነዋሪዎች ሦስቱ ያህል 65 ዓመት የሞላቸው ናቸው። አረጋውያንን የሚንከባከብ፣ ቤት የሚገነባ፣ በምግብ ፋብሪካና በእርሻ የሚሠራ ወጣት ጠፍቷል። በዚህም ምክንያት የውጭ ዜጎች ቁጥር በ2024 መጨረሻ ከ3.7 ሚሊዮን በልጦ ከጠቅላላው ሕዝብ ሦስት በመቶ ደረሰ። ለአውሮፓ ይህ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ለጃፓን ግን እስከዚያ ድረስ በታሪኳ ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። አብዛኞቹ ከቻይና፣ ከቬትናም፣ ከኮሪያ፣ ከፊሊፒንስና ከኔፓል የመጡ ናቸው። አፍሪካውያን እጅግ ጥቂት ሲሆኑ ኢትዮጵያውያን የሚቆጠሩት በመቶዎች ነው።

መንግሥት ሠራተኛ ቢጋብዝም ነዋሪ መቀበሉን በግልጽ ለመናገር ሲያመነታ ኖሯል። በ2018 «ልዩ ክህሎት ያለው ሠራተኛ» የሚባለው አዲስ ቪዛ ለምክር ቤት ሲቀርብ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ይህ የፍልሰት ፖሊሲ አይደለም እያሉ ደጋግመው ተናግረው ነበር። ቪዛው በኤፕሪል 2019 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2024 ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ 820 ሺህ ሠራተኛ ለመቀበል ተወሰነ። የመጀመሪያው ደረጃ በመርሕ እስከ አምስት ዓመት ያስቆያል፤ ባለቤትንና ልጆችን ማምጣት ግን አይፈቅድም። ቤተሰብ የሚመጣው ከባዱን ፈተና አልፎ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለተሸጋገረ ሰው ነው።

ከዚያ በፊት ከ1993 ጀምሮ «የቴክኒክ ልምምድ» የሚባል መርሐ ግብር ነበር። በወረቀት ላይ ዓላማው ለታዳጊ አገሮች ሙያ ማስተላለፍ ነው። በተግባር ግን ሰው ያጡ ፋብሪካዎችና እርሻዎች ጉልበት የሚያገኙበት መንገድ ሆኖ፣ ተለማማጁ አሠሪውን መቀየር ስለማይችል ለብዝበዛ የተጋለጠ ነው ተብሎ በአገር ውስጥም በውጭም ሲተች ቆይቷል። በ2024 የጃፓን ምክር ቤት ይህን ሥርዓት አስቀርቶ እስከ 2027 በሌላ የሚተካ ሕግ አጸደቀ። በአዲሱ አሠራር ሠራተኛው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቅድመ ሁኔታዎችን ካሟላ፣ በዚያው የሥራ መስክ አሠሪውን መቀየር ይችላል። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሌላ ማሻሻያ ደግሞ ቋሚ መኖሪያ ያገኘ ሰው ሆን ብሎ ግብር ወይም ማኅበራዊ መድን ሳይከፍል ቢቀር ፈቃዱ ሊሰረዝበት እንደሚችል ይደነግጋል። በጁላይ 2025 በተካሄደው የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ «ጃፓናውያን ይቅደሙ» በሚል መርሕ የተወዳደረው የሳንሴይቶ ፓርቲ 14 መቀመጫ አሸነፈ፤ በኦክቶበር ደግሞ ለንግድ ቪዛ የሚጠየቀው ካፒታል ከ5 ሚሊዮን ወደ 30 ሚሊዮን የን አደገ። ትንሽ ምግብ ቤት ወይም የመኪና ንግድ ልክፈት ለሚል ስደተኛ ይህ በር መዝጋት ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት የሚታየው በነዋሪው ኪስ ባለው ካርድ ላይ ነው። «ዛይሪዩ ካርድ» ይባላል፤ የመኖሪያ መታወቂያ ነው፤ ዕድሜው 16 የሞላ የውጭ ዜጋ ሁልጊዜ ይዞት መንቀሳቀስ አለበት። ፊቱ ላይ የማብቂያ ቀን ተጽፎበታል፤ ብዙ ጊዜ አንድ፣ ሦስት ወይም አምስት ዓመት። ቋሚ መኖሪያ ለመጠየቅ በመርሕ አሥር ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥሩ አልጋ ይገዛ ወይስ ርካሹ ይበቃል፣ ልጁ በጃፓንኛ ይማር ወይስ ለመመለስ ይዘጋጅ የሚለው ጥያቄ ካርዱ በታደሰ ቁጥር ይነሳል። ሰውየው ልቡ ሁለት የሆነው ቆራጥነት ስላጣ አይደለም፤ የተሰጠው ወረቀትም ሁለት ልብ ነው።

ስም፣ ቀንና ፎርም

አዲስ መጪ መኖሪያ ቤቱን ባገኘ በ14 ቀን ውስጥ ወደ አካባቢው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻውን ያስመዘግባል። እዚያው የጤና መድን ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሲታመም ከሕክምናው ወጪ 30 በመቶውን ብቻ ይከፍላል። ዕድሜው 20 የሞላ ሰው በጡረታ ዋስትናም ይመዘገባል። ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው፤ ወረፋው በቁጥር ይሄዳል፤ ጉቦ የሚጠይቅ የለም። በኢትዮጵያ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ለኖረ ሰው ይህ ቀን ደስታ ነው።

ችግሩ ስም ላይ ይጀምራል። ፎርሙ የቤተሰብ ስምና የግል ስም ብሎ ሁለት ሳጥን ያቀርባል። የኢትዮጵያዊ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። ለምሳሌ ዳዊት ከበደ፣ ባለቤቱ ሄለን ተስፋዬ እና ልጃቸው ሰላም ዳዊት አንድ ላይ ቢቀርቡ፣ በፎርሙ ላይ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሦስት ሰዎች ይሆናሉ። በጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጃፓናውያን ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ጸሐፊዋ ግራ ብትጋባ፣ የልጅቷ መምህርት ሰላም የማን ልጅ እንደሆነች ደግማ ብትጠይቅ ክፋት አይደለም። ሄለን ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሆስፒታልም በባንክም የምትጠራው በአባቷ ስም «ተስፋዬ-ሳን» ተብላ ነው። አባቷን የሚያውቅ ሰው በሌለበት አገር በአባቷ ስም መጠራት ለአንዳንዷ ኩራት ነው፤ ለሌላዋ የራሷ ስም ቀስ በቀስ የጠፋ ያህል ይሰማታል።

በዚህ ላይ ስሙ የውጭ ቃላት በሚጻፉበት የካታካና ፊደል መገልበጥ አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ «ቴሱፋኤ» ብሎ ጽፎት ባንኩ «ቴሱፋዬ» ቢለው ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው፤ የስልክ ውል ወይም የቤት ኪራይ ክፍያ በአንዲት ፊደል ልዩነት ይመለሳል። ልምድ ያላቸው ነዋሪዎች አዲስ መጪን ቀድመው የሚመክሩት ይህን ነው፦ የስምህን የካታካና አጻጻፍ በመጀመሪያው ቀን ወስን፣ ጻፈው፣ በየሄድክበት ያንኑ አሳይ።

በቀን ረገድ ግን ኢትዮጵያዊ ከሌላው ይሻላል። የጃፓን ፎርም ዓመትን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፤ 2025 «ሬይዋ 7» ይባላል። በሁለት አቆጣጠር መኖር ለለመደ ሰው ሦስተኛ መጨመር አያስደነግጥም።

የሚያስደነግጠው የሁለተኛው ዓመት የነዋሪነት ግብር ነው። ይህ ግብር የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ ሲሆን መጠኑ አሥር በመቶ ያህል ነው። አዲስ መጪ በመጀመሪያው ዓመት ያለፈ ገቢ ስለሌለው አይከፍልም። በቀጣዩ ጁን ግን ያልጠበቀው ሒሳብ ይመጣበታል፤ በጃፓን ጥሩ ገንዘብ ይቀራል ብሎ ለቤተሰቡ ቃል የገባ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚያፍረው በዚህ ወር ነው።

ጎረቤት የማያስፈልግበት ኑሮ

በአዲስ አበባ ጨው ሲያልቅ፣ ውኃ ሲጠፋ፣ ልጅ የሚጠብቅ ሲታጣ የጎረቤት በር ይንኳኳል። ቡናው፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ ሁሉ ከፍቅር ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ችግርም አለበት። ሰው ያለ ሰው መዋል ስለማይችል ይገናኛል፤ ሲገናኝ ይዋደዳል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። መሰልቸቱም ፍቅሩም የሚመጡት በአንድ በር ነው።

በጃፓን ያ በር የሚንኳኳበት ምክንያት እምብዛም የለም። «ኮንቢኒ» የሚባሉት ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆኑ ሱቆች በአገሪቱ ከ50 ሺህ በላይ ናቸው። በአንዱ ውስጥ የመብራት ሒሳብ ይከፈላል፣ ጥቅል ይላካል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ሰነድ ይታተማል፣ ትኩስ እራት ይገዛል፤ ይህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይነገር ሊያልቅ ይችላል። ዕቃ ቤት ድረስ የሚመጣው በተመረጠው ሰዓት ነው፤ ሰው ከሌለም መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ሴት ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ከባቡር ወርዳ ያለ ሥጋት ቤቷ ትገባለች። ከአገር ቤት ሥጋት ለወጣ ሰው ይህ ሰላም ዋጋው ሊተመን አይችልም፤ ያላየው ሰው ቢያቃልለው ስሕተት ነው።

ግን አስቡት፦ ማንንም ሳይለምን፣ ማንንም ሳያስቸግር ሳምንቱን የሚጨርስ ሰው፣ ቅዳሜ ማታ ማንም እንዳልፈለገው ይረዳል። እሱን ከልመና ያዳነው አሠራር ሌላውንም እሱን ከመፈለግ አድኖታል። ምቾቱና ባዶነቱ የተለያየ ምክንያት ያላቸው መስሎት አንዱን ለማመስገን ሌላውን ለመክሰስ ይሞክራል፤ ሒሳቡ ግን አንድ ነው።

ጎረቤት ከጎረቤት በግድ የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ፤ የቆሻሻ ማውጫው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠው የዓመት ሰሌዳ የትኛው ቆሻሻ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ይናገራል። የሚቃጠለው፣ የማይቃጠለው፣ ጠርሙሱ፣ ጣሳው፣ ካርቶኑ ለየብቻ ነው። የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ክዳኑ ተነቅሎ፣ የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ፣ ታጥቦ፣ ተጨፍልቆ ይወጣል። በብዙ አካባቢ ከጠዋቱ በጃፓን አቆጣጠር 8 ሰዓት በፊት፣ አንዳንዴም የከተማው ስም በታተመበት ከረጢት ብቻ መውጣት አለበት፤ ቁራ እንዳይበታትነው መረብ ይለበሳል። በቶኩሺማ አውራጃ ያለችው ካሚካትሱ የምትባል ትንሽ ከተማ ቆሻሻዋን ከ40 በሚበልጥ ዓይነት ትለያለች። በትክክል ያልተለየ ከረጢት ሳይወሰድ፣ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት፣ ጎረቤት ሁሉ እያየው እዚያው ይቀራል። ብዙ የውጭ ዜጋ የመጀመሪያውን ሐፍረት የሚቀምሰው በዚህ ነው። የሚቆጣጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ የሰፈሩ አዛውንት ናቸው፤ ከረጢቱን ይዞ ሄዶ «እባክዎ ያሳዩኝ» ያለ ሰው በሰፈሩ የመጀመሪያውን ወዳጅ የሚያገኘውም ከእነሱው ነው። ይህ የሚሆነው መጠየቅ ግድ ስላደረገ ነው።

ብቸኝነቱ የስደተኛው ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በጃፓን ከሦስት ቤቶች ከአንዱ በላይ የሚኖርበት አንድ ሰው ብቻ ነው። መንግሥት በፌብሩዋሪ 2021 የብቸኝነት ጉዳይን የሚከታተል ሚኒስትር ሾሟል፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ ብቸኝነትንና መገለልን ለመከላከል የወጣ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። በባቡር ውስጥ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር የማያወራው ጃፓናዊ ቤቱ ሲገባም የሚያወራው ሰው ላይኖረው ይችላል።

መገለል ነው ወይስ ቁጥብነት?

እዚህ ላይ ሁለት አስተያየቶች ይጋጫሉ። የመጀመሪያው፣ ጃፓን ለውጭ ዜጋ የተዘጋች አገር ናት፤ ትሕትናውም መጋረጃ ነው የሚል ነው። ማስረጃ አያጣም። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2017 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ቤት ከፈለጉት የውጭ ዜጎች 39 በመቶ ያህሉ የውጭ ዜጋ በመሆናቸው ብቻ እንደተከለከሉ ተናግረዋል። በ2016 የጥላቻ ንግግርን የሚቃወም ሕግ ቢወጣም ቅጣት የለውም፤ በግል ተቋማት የሚፈጸም አድልዎን በአጠቃላይ የሚከለክል ሕግም አልወጣም። በጃንዋሪ 2024 ሦስት የውጭ ትውልድ ያላቸው ነዋሪዎች፣ ፖሊስ በመልካችን ብቻ እያስቆመ ይመረምረናል ሲሉ በቶኪዮ ፍርድ ቤት መንግሥትን ከሰዋል።

ሁለተኛው አስተያየት ጃፓናዊ ለጃፓናዊም ቁጥብ ነው ይላል። አከራዩ የሚፈራው ቀለምን ሳይሆን ቋንቋን፣ ዋስ ማጣትንና ድንገት አገር ጥሎ መሄድን ነው፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ ጃፓናውያን አዛውንትም እንዲሁ ቤት ለማከራየት ያቅማማል። ይህም እውነት ነው።

ሁለቱን መለየት የሚቻለው ጉዳይ በጉዳይ ሲታይ ነው። በባቡር ውስጥ ከጥቁር ሰው አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ሲቀር ምክንያቱ ፍርሃት ይሁን፣ ላለማስቸገር ይሁን፣ በሚቀጥለው ጣቢያ መውረድ ይሁን አይታወቅም። «ለውጭ ዜጋ አናከራይም» የሚል መልስ ግን ትርጓሜ አይፈልግም፤ አድልዎ ነው፤ አከራዩ ለአዛውንትም ማቅማማቱ አያጸዳውም። በእኔ ግምት ነዋሪውን ይበልጥ የሚያደክመው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ግልጽ በደልን ሰው ይቆጣበታል፣ ይናገረዋል፣ ይከስበታል። ትርጉሙ ያልታወቀን ባዶ ወንበር ግን ቤቱ ይዞት ይገባል፤ ራሱን ይጠራጠራል፤ ለወዳጁ ቢነግረው «አንተ ነህ የተሰማህ» ይባላል።

ጊዜ ይፈታዋልን?

ስለ ስደት ስሜት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ማብራሪያ የተጀመረው ኖርዌያዊው ተመራማሪ ስቬሬ ሊስጎርድ በ1955 ባሳተመው ጥናት ነው። አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ ኖርዌያውያን ምሁራንን ጠይቆ፣ ስሜታቸው በመጀመሪያ ከፍ፣ ቀጥሎ ዝቅ፣ በመጨረሻ እንደገና ከፍ የሚል መሆኑን ገለጸ። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት ደግሞ «የባህል ድንጋጤ» የሚለውን ሐሳብ በ1960 ባወጣው ጽሑፍ በሰፊው አስተዋወቀ። ከሁለቱ ተነሥቶ «ታገሥ፣ ያልፋል» የሚለው ምክር ተስፋፋ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ብዙ ሰው የሚከብደው ገና ሲገባ መሆኑን፣ የሁሉም ሰው ስሜት በዚህ ቅርጽ እንደማይጓዝ አሳይተዋል።

ጃፓን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት፤ ምክንያቱም ቋንቋው። የቋንቋ ብቃት ፈተናው ከኤን5 እስከ ኤን1 አምስት ደረጃ አለው፤ ብዙ አሠሪዎች ለቢሮ ሥራ ኤን2 ይጠይቃሉ። ለዕለት ተዕለት ንባብ የሚያስፈልጉት የቻይና መሠረት ያላቸው ፊደላት በመንግሥት ዝርዝር 2,136 ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሰላምታ ብቻ የቻለ ሰው «ጃፓንኛ እንዴት ጎበዝ ነህ!» እየተባለ ይወደሳል። በአራተኛው ዓመት ስብሰባ ውስጥ ሲቀመጥ ግን የሚጠበቅበት ከፍ ይላል፤ ለአለቃና ለደንበኛ የሚነገረውን የአክብሮት አነጋገር ቢያዛባ ዝም ይሉታል እንጂ አያርሙትም። ቀድሞ ያልሰማውን አሁን ይሰማል፤ ስለ እሱ የሚባለውን ይረዳል። ቋንቋ ማወቅ በር ይከፍታል፤ የተዘጉትንም በሮች ያሳያል። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ስሜቱ ይበልጥ የተደባለቀበት ሰው ወደ ኋላ የተመለሰ አይደለም፤ አገሪቱን በደንብ ማየት የጀመረ ነው።

ለቋንቋ ተማሪዎች ጊዜው ራሱ ጥብቅ ነው። የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ፈቃድ አውጥቶ መሥራት የሚችለው በሳምንት 28 ሰዓት ነው። በቶኪዮ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ባለው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ 1,226 የን፣ ይህ በሳምንት 34 ሺህ የን ያህል ነው። ከዚህ ላይ ኪራይ፣ የትምህርት ክፍያና የጤና መድን ይነሣል። ወደ ጃፓን ሄዶ እየሠራሁ እማራለሁ፣ ለቤተሰብም እልካለሁ የሚል ሰው ይህን ስሌት ከመነሣቱ በፊት መሥራት አለበት፤ ደላሎች አይነግሩትም።

ኢትዮጵያውያኑና ከአገር ቤት የሚመጣው ጥያቄ

ሁለቱ አገሮች በ1930 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል፤ በቀጣዩ ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ። በዘመኑ የነበሩ አንዳንድ የኢትዮጵያ ምሁራን ባህሏን ሳትለቅ የሠለጠነች አገር እያሉ እንደ አርአያ ያዩዋት ነበር። በ1964 አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ሲያሸንፍ ስሙ በጃፓናውያን ዘንድ ተተከለ፤ ዛሬም አንድ ኢትዮጵያዊ ከአንድ ጃፓናዊ አዛውንት ጋር ወሬ ሲጀምር የሚነሣው ስም እሱ ነው።

ከ2014 ወዲህ ደግሞ በጃይካ በኩል በሚሰጠው፣ አቤ ኢኒሺየቲቭ ተብሎ በሚታወቀው የማስተርስ ዕድል ብዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደዋል። የእነዚህ ኑሮ የተለየ ነው፤ የመመለሻ ቀናቸው ይታወቃል፣ ኑሯቸው በዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ነው። ረዘም ያለ ጊዜ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን በርከት ብለው የሚገኙት በቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ፣ በተለይ በዮትሱጊ አካባቢ ነው። እዚያ እንጀራ ይገኛል፤ የበዓል ቀን ሰው ይሰበሰባል። ከዚያ ርቆ፣ በክፍለ ሀገር ከተማ ለሚሠራ ሰው ግን የእኛ አዲስ ዓመት፣ መስከረም 1፣ ተራ የሥራ ቀን ናት። የጃፓን አዲስ ዓመት ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ወላጆቹ የሚሄድበት ስለሆነ፣ ሰፈሩ ጭር ብሎ ለብቸኛ እንግዳ ከዓመቱ የሚከብደው ጊዜ ነው።

ቶኪዮ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ የሰዓት አቆጣጠርም በስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ በቶኪዮ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትና በአዲስ አበባ በእናት ቤት የተሰቀለው ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ያሳያሉ። እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 ሲል እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ነው። ከሥራ የገባው ልጅ ሲደውል እናት ከሰዓት ቡና ላይ ናት። የምትጠይቀው ጥያቄም የታወቀ ነው፤ ደህና ነህ? በላህ? መቼ ትመጣለህ? ደህና መሆኑ እውነት ነው፤ በልቷልም። ሦስተኛውን ካርዱ አይመልስለትም። ከፍቶኛል ቢል ደግሞ «በጃፓን ሆነህ?» ይባላል፤ ሥራ ያጣ ወንድሙ አጠገቧ ተቀምጧልና አፉን ይዘጋል። በዚህ የተነሣ ብዙዎች ለአገር ቤት የሚልኩት የቼሪ አበባውን ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶው ሌላውን ወጣት ያነሣሣል፤ እሱም ደርሶ እንደዚያው ዝም ይላል። ስለ ጃፓን የሚወራው ወደ ሁለት ጫፍ የተሳበበት አንዱ ምክንያት ይህ ዝምታ ነው።

የምንዛሪው ጉዳይም አለ። በ2012 መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ80 የን በታች ነበር፤ በ2024 አጋማሽ 160 የን ገደማ ደረሰ። የደሞዙ ቁጥር ሳይቀንስ በዶላር ሲሰላ በግማሽ ያህል ረክሷል። በሌላ አገር ካለ ዘመዱ ጋር ራሱን የሚያነጻጽር ሰው መንገዴን ሳትኩ ወይ የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ውሳኔን የሚያስገድዱ ቀኖች

በ2027 አዲሱ የሠራተኛ ሥርዓት ሲጀመር፣ አሠሪ መቀየር መቻሉና ወደ ልዩ ክህሎት ቪዛ መሸጋገሪያ መሆኑ ብዙ ሰው ከታሰበው በላይ እንዲቆይ ያደርጋል። ቤተሰብ ማምጣት ግን ለዓመታት እንደተከለከለ ይቀጥላል። ሠራተኛው በሃያዎቹ ዕድሜው የሚያሳልፋቸው እነዚህ ዓመታት የሚጋባባቸውና የሚወልድባቸው ናቸው። የሕዝቧን መመናመን የምትፈራ አገር ወጣት ጠርታ ቤተሰብ እንዳይመሠርት ማድረጓ ከፖሊሲው ድክመቶች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል።

ቤተሰብ ላላቸው ጥያቄው በልጆች በኩል ይመጣል። በጃፓን መወለድ ዜግነት አያሰጥም፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኦሳካ የተወለደ ልጅም ካርድ ይዞ ያድጋል። ጃፓንም ኢትዮጵያም ጥምር ዜግነትን አይፈቅዱም። የግዴታ ትምህርት ሕጉ የውጭ ዜጎችን ልጆች አይጨምርም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከጠየቁ በነጻ ይቀበሏቸዋል፤ ካልጠየቁ ግን የሚያስገድድ የለም። የትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ባወጣው ጥናት ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የውጭ ዜጎች ልጆች ትምህርት ቤት ላይገቡ እንደሚችሉ ተገምቷል። ከገቡት መካከል ደግሞ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ቀድመው ጃፓንኛ ይይዛሉ፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለእናቷ ታስተረጉማለች። ልጅቷ ስለ ጃፓን የተደባለቀ ስሜት የላትም፤ አገሯ እሱ ነው። ወላጆቿ እንመለስ ወይስ እንቆይ ሲሉ የሚመዝኑት የራሳቸውን ናፍቆት ብቻ መሆኑ የሚያበቃው ያኔ ነው።

ብቻውን ላለው ሠራተኛ ውሳኔውን ግልጽ የሚያደርገው ጡረታ ነው። ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት መክፈል ያስፈልጋል፤ እስከ 2017 ድረስ 25 ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት አገር ለቆ የሚወጣ የውጭ ዜጋ ከከፈለው በአንድ ጊዜ የሚመለስለት ገንዘብ አለ። ስሌቱ የሚያየው እስከ አምስት ዓመት ያለውን ክፍያ ብቻ ነው፤ ይህ ጣሪያ ወደ ስምንት ዓመት ከፍ እንዲል በ2025 ሕግ ወጥቷል። ገንዘቡን የወሰደ ሰው የከፈለባቸው ዓመታት በሙሉ ይሰረዛሉ። ኢትዮጵያና ጃፓን የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ስለሌላቸው በጃፓን የተከፈለው ዓመት በኢትዮጵያ አይቆጠርም። ማመልከቻው ከአገር በወጡ በሁለት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ሰባትና ስምንት ዓመት ከፍሎ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ከመፈረሙ በፊት የቀረውን ጊዜ፣ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉንና የሚያጣውን የጡረታ መብት በወረቀት ላይ አስቀምጦ ማስላት ይጠቅመዋል።